«ዱን»ን በበያጅ ዓይን፦ ጩቤው አሳምኖኛል፣ ጥሩሩ ግን…

ሥራዬ ብረት ነው። በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የሮቶ ማስቀመጫ። ስለዚህ ፊልም ውስጥ ሰው ብረት ለብሶ ብቅ ሲል ዓይኔ ታሪኩን ትቶ ብረቱ ላይ ይተከላል። ስንት ሚሊ ነው? በምን ተያያዘ? ክንዱን ሲያነሳ ጠርዙ ብብቱን አይበላውም? ረዳቴ በዚህ ነገሬ ይማረራል። «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው፤ ዝም ብለው ይዩት» ይለኛል። እሺ እላለሁ፣ ግን አልችልም።

የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ጭንቅ ነው። ሰዎቹ ከኮከብ ኮከብ የሚያደርስ መርከብ አላቸው። ከተማ የሚያጋይ መሣሪያ አላቸው። ከዚያ ከመርከቡ ወርደው በጎራዴ ይከታከታሉ። ለምን አይተኩስበትም? አብዛኞቹ ፊልሞች ይህን ጥያቄ እንዳልሰማ ሆነው ያልፉታል።

ካየኋቸው ውስጥ በቅጡ መልስ ይዞ የመጣው «ዱን» ነው። የዴኒ ቪልኔቭን ሁለት ፊልሞች ማለቴ ነው፤ የ2021ዱን እና የ2024ቱን። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለ ታሪኩና ስለ ትወናው ብዙ ተብሏል። የመጀመሪያው ክፍል ስድስት ኦስካር ወስዷል፤ የኔ ምስክርነት አያስፈልገውም። እኔ የምገመግመው ጎራዴውን፣ ጩቤውንና ጥሩሩን (የጦር ብረት ልብሱን) ብቻ ነው።

በዱን ዓለም ሰው በሰውነቱ ዙሪያ የኃይል ጋሻ ያበራል። ጋሻው ፈጥኖ የሚመጣን ነገር ሁሉ ያቆማል። ጥይት አይገባም። የተወረወረ ጩቤ አይገባም። ቀስ ብሎ የሚገፋ ስለት ግን ያልፋል። በቃ፣ ይቺው ናት። ይቺ አንዲት ደንብ ጠመንጃን ሥራ ፈት አድርጋ ጩቤን ሥራ ታስገባለች። ሐሳቡ የፊልም ሠሪዎቹ አይደለም፤ ፍራንክ ኸርበርት በ1965 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው።

ደንቡን ፊልሙ በንግግር ብቻ አይነግራችሁም፤ ያሳያችኋል። ጉርኒ የሚባለው አሰልጣኝ (ጆሽ ብሮሊን ነው) የታሪኩን ዋና ሰው፣ የመስፍኑን ልጅ ፖልን በጩቤ ሲያለማምደው ተመልከቱ። ሁለቱም ጋሻቸውን ያበራሉ። ስለቱ ሲመታና ሲመለስ ሰማያዊ ብልጭ ይላል። ስለቱ ዘልቆ ሲገባ ቀይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በፊልሙ ሁሉ ማን እንደተረፈና ማን እንደተወጋ በቀለሙ ታውቃላችሁ፤ ማንም አያስረዳችሁም። ልምምዱ ሲያልቅ ፖል ጩቤውን ጉርኒ አንገት ላይ አድርጎ «ያዝኩህ» ይላል። ጉርኒ «አዎ፣ ግን ወደ ታች እይ» ይለዋል። የጉርኒ ጩቤ ከታች፣ ልጁ ላይ ተደግኗል። ሁለቱም ሙት ነበሩ ማለት ነው። ጩቤ በጩቤ የሚጋጠሙ ሰዎች መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ፊልሞች ግን አንዱን ሳይነካ ያስወጡታል። እዚህ ቦታ ላይ ወንበሬን ጠጋ አድርጌያለሁ።

ከዚያ ደግሞ ጠቡ ራሱ በደንቡ ተቀርጿል። እጅ ፈጥኖ ይመጣል፣ ይመታል፣ ያሳስታል፤ የመጨረሻዋ ጣት የምታህል ርቀት ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ፈጥኖ ከገፋ ጋሻው ይመልሰዋላ! ውጊያውን የቀረጸው ሮጀር ዩዋን መነሻ ያደረገው የፊሊፒንስን የዱላና የጩቤ ስልት ነው። እጅ ለእጅ ተጠጋግቶ፣ የባላጋራን ክንድ እየጠለፉና እየገፉ መዋጋት። ለዚህ ዓለም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ሩቅ ቆሞ ጎራዴ ማወናጨፍ ጋሻ ባለበት ምንም አይፈይድም፤ መያዝ፣ ማጠፍ፣ ቀስ ብሎ መክተት ነው። የኛ አገር ሾተልም ወደ ውስጥ የተቆለመመው በጋሻ ጠርዝ ዞሮ ከኋላ ያለውን ሰው እንዲያገኝ ነው። ጋሻው የሚፈቅደውን መንገድ ፈልጎ መሣሪያውን በዚያው ልክ ማበጀት። የዱን ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ደንቡ ከጩቤም አልፎ ይሠራል። የፖልን አባት፣ መስፍኑን ሌቶን የምትጥለው የመርዝ ቀስት ጋሻው ላይ ደርሳ አትቆምም፤ እየተንዘረዘረች ቀስ ብላ ትሰረስራለች። የመስፍኑ ከተማ ስትመታ ከላይ የሚወርዱት ቦምቦች የመርከቦቹ ጋሻ ላይ ሲደርሱ ይቀዘቅዛሉ፣ ቀላ ብለው ይገባሉ፣ ከዚያ ውስጥ ይፈነዳሉ። አንድ ደንብ አውጥቶ ለሰውም ለመርከብም እኩል የሚሠራ ፊልም ስንት አለ? ብዙዎቹ ያወጡትን ደንብ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ይረሱታል።

ይሆናል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ እንዲህ ነው። ግማሹ ይሆናል። የበቆሎ ስታርች በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉት። በቡጢ ስትመቱት ይደርቅባችኋል። ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ስትከቱ ዋጥ ያደርጋታል። ፈጣኑን ማቆም፣ ዝግተኛውን ማሳለፍ፤ የዱን ጋሻ ቁርጥ ይኸው ነው። ይህ ቀልድም አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ፈሳሽ ኬቭላር በሚባለው የጥይት መከላከያ ጨርቅ ውስጥ አስርገው መከላከያ ለመሥራት የሞከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ኬቭላርን ካነሳሁ አይቀር፦ ተራ የኬቭላር ሰደርያ የሽጉጥ ጥይት ያስቆማል፤ ሹል ጩቤ ግን በክሮቹ መሃል ሰርስሮ ሊገባ ይችላል። ለጩቤ ተብሎ የሚሠራው ሰደርያ የራሱ ደረጃና የራሱ ፈተና ያለው ለዚህ ነው። ጥይት የሚመልስ፣ ጩቤ የሚያሳልፍ ነገር ዛሬም አለ ማለት ነው።

የማይሆነው ግማሽ አየሩ ነው። በክፍል ሙቀት የአየር ቅንጣቶች በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይበራሉ። የተለመደው የ9 ሚሊ ሽጉጥ ጥይት ከ350 እስከ 400 ሜትር ነው። ስለዚህ ጋሻው ፈጣን ነገር ሁሉ የሚያቆም ቢሆን መጀመሪያ የሚያቆመው አየሩን ነበር። ባለጋሻው በራሱ ትንፋሽ ይታፈን ነበር ማለት ነው። ይህን ለረዳቴ ስነግረው ራሱን ይዞ ወጣ። እኔ ግን ይቅር ብዬዋለሁ። አንድ ትልቅ ውሸት እውጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያች ውሸት ልክ ከተሠራ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር ስለ ጨረር መሣሪያው ነው። በመጽሐፉ ጨረር ጋሻ ላይ ካረፈ እንደ ኒውክለር ቦምብ የሚሆን ፍንዳታ ይነሳል፤ ስለዚህ ባለጋሻ ሰው ላይ በጨረር የሚተኩስ እብድ ብቻ ነው። ፊልሙ ይህን በግልጽ አይነግራችሁም። ጨረሩ ግን አለ፤ በር ሲቆርጡበት ታያላችሁ። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው «ይህ ሁሉ ጨረር እያላቸው ምን ያስታግላቸዋል?» ቢል አልፈርድበትም። አንዲት መስመር ንግግር ትበቃ ነበር።

እንግዲህ ወደ ብረቴ ልምጣ።

በአንድ ወቅት ለፋሲካ መንፈሳዊ ቲያትር የሚሆን የሮማ ወታደር ጥሩር ሠርቻለሁ። ከ1.5 ሚሊ ላሜራ። አንድ ካሬ ሜትሩ 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለደረትና ለጀርባ ግማሽ ካሬ ያህል ይፈጃል። ስድስት ኪሎ በሉት። ይህ እንግዲህ ክንድ የለው፣ እግር የለው፣ የራስ ቁር የለው። ብብቱን ሰፋ አድርጌ ቆርጬ ጠርዙን ወደ ውጭ አጠፍኩት፤ ካልሆነ ክንድ በተነሳ ቁጥር ሥጋ ይልጣል። ተዋናዩ ልጅ በቲሸርት ላይ አድርጎት ፀሐይ ላይ ልምምድ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ደረቱን ስነካው ብረቱ እጄን ለበለበኝ። ማሰሪያው ትከሻው ላይ ቀይ መስመር አውጥቷል። ጋቢ አጣጥፈን ከሥር ስናስገባለት «አሁን ገና ሰው ሆንኩ» አለን። የድሮ የአውሮፓ ባላባቶችም እንዲሁ ነበሩ፤ ከብረቱ ሥር ጥጥ የተጠቀጠቀ ወፍራም ልብስ አለ። ብረቱ ስለቱን ይመልሳል፤ ጨርቁ ምቱን ይውጣል። አንዱ ያለ አንዱ ግማሽ ሥራ ነው።

የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሙሉ የብረት ጥሩር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝን ነበር። ክብደቱ በሰውነት ላይ ስለሚከፋፈል ለባሹ ይሮጥበታል፣ ፈረስ ላይ ይወጣበታል። እንደ በርሜል የሚንከባለል ባላባት የፊልም ፈጠራ ነው። ደግሞ ጎራዴ እንዲህ ያለውን ብረት አይቆርጥም። በጭራሽ። ኪሎ ተኩል የማይሞላ ስለት ነው፤ በትክክል የተቃና ብረት ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን ሰዎች ጎራዴውን መሃል ስለቱ ላይ ይዘው ጫፉን ወደ ብብት፣ ወደ ጉያ፣ ወደ ዓይን ቀዳዳ የሚሰዱት። ወይ መዶሻ ያነሳሉ።

አሁን «ዱን»ን እዩ። ሳርዶካር የሚባሉት የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ከራስ እስከ እግር ነጭ ጥሩር ለብሰዋል። ሲወርዱ ያምራሉ፣ ያስፈራሉ። ከዚያ የፖልን ወገን ተዋጊ ሆኖ የሚጫወተው ጄሰን ሞሞአ ጎራዴ ይዞ ይመጣል፤ ስለቱ በደረት ይገባል፣ በሆድ ይገባል፣ በጎን ይገባል። ያ ሁሉ ልብስ ምን ሊያደርግላቸው ነበር? አንድም ጊዜ አንድም ስለት ሲመልስ አላየሁም። ቢያንስ አንዱ ሲመታ ብረቱ ጮሆ ስለቱ ቢንሸራተት፣ ሞሞአም «እዚህ አይሆንም» ብሎ አንገቱን ቢፈልግ፣ ውጊያው እጥፍ ያምር ነበር። የጋሻውን ደንብ እንዲህ ያከበሩ ሰዎች ጥሩሩ ላይ ሲደርሱ ለምን ሰነፉ?

እዚያው ትዕይንት ላይ ሞሞአ ደረቱ ውስጥ የተሰካውን ስለት መዝዞ አውጥቶ ትግሉን ይቀጥላል። ለጀግና ይፈቀዳል እንበል። የተሰካ ነገር መምዘዝ ደም መልቀቅ መሆኑን ግን ማንም የመጀመሪያ ዕርዳታ የተማረ ሰው ያውቃል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ይባሱን። የፖል ቤተሰብ ጠላት የሆነው የሃርኮነን ቤት ወታደሮች ጥቁር፣ ወፍራም፣ ነፍሳት የሚያስመስል ጥሩር ለብሰው በረሃ መሃል ቋጥኝ ላይ ተንሳፍፈው ይወጣሉ። ትዕይንቱን ወድጄዋለሁ፤ ድምፅ የለሽ አወጣጣቸው ያስደነግጣል። ግን ጥቁር! በረሃ ላይ! የላሜራ በር ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መዳፋችሁን አሳርፉበት፤ ከዚያ እናውራ። ወታደሩ ፍሬመኖቹ (የበረሃው ነዋሪዎች) ከመድረሳቸው በፊት በሙቀት ይወድቅ ነበር። ጋሻም ማብራት አይችሉም፤ ጋሻ አሸዋው ውስጥ የሚኖረውን ግዙፍ ትል ይጠራል። ስለዚህ ያላቸው መከላከያ ያ ጥሩር ብቻ ነው። እሱም ከትል ጥርስ የተሠራ ጩቤ አያቆምም። ጥርስ! በጥርስ የሚበሳ ብረት ገዝቼ ቢሆን ለነጋዴው እመልስለት ነበር።

ፍሬመኖች የሚለብሱት ላብ የሚያጠራቅም ልብስም እንዲሁ ያስጨንቀኛል። ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ልብሱ ላቡን ውስጥ ይዞ መልሶ ውሃ ካደረገው ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። በቆዳ ሽርጥና በብየዳ ጭምብል የዋለ ሰው ይህን በመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። እንደ ልብስ ግን ውብ ነው፤ ጃክሊን ዌስትና ሮበርት ሞርጋን የሠሩት ልብስ እውነትም የተለበሰ፣ አሸዋ የበላው ይመስላል።

ከሁሉ ያናደደኝ የመጨረሻው ጦርነት ነው። ጋሻ በሌለበት በረሃ ጠመንጃ ይመለሳል ማለት ነው፤ ደንቡ ራሱ ያስገድዳል። ፊልሙም ያውቀዋል። ፍሬመኖቹ የሃርኮነንን ማሽን ሲያጠቁ ጨረር አላቸው፣ ትከሻ ላይ የሚተኮስ ሮኬት አላቸው፣ የምትበረውን ማሽን መትተው ጥለዋል። ታዲያ መጨረሻ ላይ ሁለት ሠራዊት ፊት ለፊት ጩቤና ጎራዴ መዝዞ እየሮጠ የሚገናኘው በየትኛው ሒሳብ ነው? ምስሉ ይገዛል፣ አልክድም። ክፍል አንድ በጥንቃቄ የከፈለውን ዕዳ ግን ክፍል ሁለት መልሶ ተበድሮበታል።

ከ«ስታር ዋርስ» ጋር ሳስተያየው ግን «ዱን» አሁንም ይበልጣል። የብርሃኑ ጎራዴ ስለቱ ክብደት የለውም፤ ክብደቱ ሁሉ እጀታው ላይ ነው። ያም እጀታ የመጀመሪያው ፊልም ላይ ከድሮ ካሜራ ፍላሽ መያዣ የተሠራ ነው። ክብደት የሌለው ስለት በሁለት እጅ አንስቶ እንደ መጥረቢያ መጣል ለምን ያስፈልጋል? መንካት ብቻ ይበቃል እኮ። በ1980 እና በ1983ቱ ፊልሞች ከጥቁር ለባሹ ክፉ ሰው ከዳርት ቬደር ጭምብል ጀርባ ሆኖ የተዋጋው ቦብ አንደርሰን ነው፤ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ እንግሊዝን ወክሎ በጎራዴ የተወዳደረ ሰው። የሱ ውጊያዎች ላይ ሰውየው ሊገድል እንደሚፈልግ ይታወቃል። በኋላ የመጡት መሽከርከር በዛባቸው፤ ለባላጋራህ ጀርባህን ሰጥተህ መዞር የመደነስ ያህል ነው። በ2017ቱ ፊልም የዙፋኑ ክፍል ጠብ ላይ ደግሞ አንዱ ጠባቂ በሁለተኛ እጁ የያዘው ስለት መሃል ላይ ከእጁ ይጠፋል። ባይጠፋ የፊልሙን ጀግና ልጅ ይወጋት ነበር። አቁማችሁ እዩት።

የ«ስታር ዋርስ» ነጫጭ ወታደሮችማ ምን ይባላሉ። ጥሩራቸው ሲቀረጽ ፕላስቲክ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥም ከፕላስቲክ አይሻልም። ተኩስ አያቆምም። በ1983 ጫካ ውስጥ ትንንሽ ድብ የሚመስሉ ፍጡራን በድንጋይና በዱላ ደበደቧቸው። በ1977ቱ ደግሞ አንዱ በር ሲገባ ግንባሩን ከበሩ አናት ጋር ሲያጋጭ ካሜራ ይዞታል። የራስ ቁሩ ከሥር ስፖንጅ ቢኖረው ይህን ያህል አያሳዝነኝም ነበር።

ጥሩር እንዴት እንደሚቀረጽ ለማየት የፈለገ ከዚያው ቤት የወጣውን «ማንዳሎሪያን» ተከታታይ ይይ። ፊልም አይደለም፣ ግን ነጥቡን ይዞታል። ሰውየው ቤስካር የሚባል ብረት ይለብሳል። ተኩስ ሲያርፍበት ብረቱ ይይዛል፤ ሰውየው ግን ወደ ኋላ ተወርውሮ ይወድቃል፣ ያቃስታል። ያልተሸፈነው ቦታው ሲመታ ይቆስላል። ብረቱ ውድ ስለሆነ ለማግኘት ብሎ ይለፋል። ጥሩር ማለት ይህ ነው፤ ያድናል፣ ያደክማል፣ ገንዘብ ያስወጣል።

ፓሪስ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ በ1815 ዋተርሎ ላይ የወደቀ የአንድ ፈረንሳዊ ፈረሰኛ ጥሩር አለ። የመድፍ አረር በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጥቷል፤ ቡጢ የሚያሳልፍ ክብ ቀዳዳ። ያ ብረት ጎራዴ ለመመለስ የተሠራ ነው፤ ጎራዴ ይመልስም ነበር። መድፍ መጣበት እንጂ። ከዚያ በፊትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠሪዎቹ የደረቱን ብረት በጥይት መትተው ይፈትኑት ነበር፤ የተጎደጎደችዋን ምልክት ለገዢው ያሳያሉ። ጥይቱ እየበረታ ሲሄድ የደረቱን ብረት ማወፈር፣ የእግሩን መተው ግድ ሆነ። የሳይንስ ልብወለድ ሠሪዎች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነው። መጀመሪያ መሣሪያው ይታወቃል፣ ከዚያ ጥሩሩ ይሠራል። እነሱ ግን መጀመሪያ የሚሥሉት የሚያምረውን ልብስ ነው።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ፦ ለጋሻውና ለጩቤው ከአስር ዘጠኝ። አንዷን የቀነስኩት ላልተነገረችው የጨረር ነገር ነው። ለጥሩሩ ከአስር ሦስት፤ እሷም ለልብስ ሰፊዎቹ ድካም። ክፍል አንድን ቤት የምታዩ ከሆነ የልምምዱን ትዕይንት በደህና ስፒከር ስሙት፤ የጋሻው እዝዝታ በስልክ ድምፅ ይሞታል። ክፍል ሁለት ላይ ግን የፖልና የሃርኮነኑ የፈይድ የመጨረሻ ግጥሚያ አያምልጣችሁ። ጋሻ የለም፣ የተንዛዛ መሽከርከር የለም። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ጩቤ፣ ሁለቱም ይወጋሉ፣ ሁለቱም ይደክማሉ። ለዚያ ትዕይንት ብቻ የቲኬቱን ብር ደግሜ እከፍላለሁ።